«ፊርማ ብቻ ናት» ያለው ማነው?

የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን ያወጣው ሁለተኛው ቡና ከተቀዳ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2019፣ እሑድ ከሰዓት፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ስኒዎቹን ገፋ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ የዘረጋው ግን ከመጀመሪያው ገጽ አይደለም። ፊርማ የሚያርፍበትን ገጽ ከላይ አድርጎ፣ መስመሩን በቢጫ ቀለም አቅልሞ፣ እስክሪብቶውንም ከፍቶ ነው ያቀረበልኝ። «ጋሼ፣ እዚች ጋ ብቻ ፈርምልኝ። ሌላውን እኔው ሞልቼዋለሁ» አለኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ስለነበር አክስቴ ከአዲስ አበባ ትሰማናለች። «ልጄ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ናት። ለወንድምህ ነው። እግዚአብሔር ብድሩን ይክፈልህ» አለች።

ፈረምኩ። ቡናው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

ይህን የምጽፈው ያ ፊርማ ቤቴን ስላፈረሰው አይደለም፤ አላፈረሰውም። የምጽፈው ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺኑ አባባል በሠርግ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በታክሲ ተራ ደጋግሜ ስለሰማኋት ነው። ፊርማ ብቻ ናት። አሜሪካ ውስጥ ባለን ሰዎች ዘንድ እንደሷ ከአፍ ወደ አፍ የምትዞር፣ እንደሷም ከእውነት የራቀች አባባል አላውቅም። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ምን ምን እንደሸፈነች አንድ ባንድ ልጠይቅ።

ወረቀቱ አይ-864 ይባላል። ባሏን ወይም ሚስቱን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ያመለከተ ሰው ይሞላዋል፤ ምንም ገቢ ባይኖረው እንኳ መሙላቱ አይቀርለትም። ገቢው መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት መለኪያ 125 በመቶ መድረስ አለበት። በ2025 ስሌት ይህ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለአምስት ሰው 47,062 ዶላር ነው። አልደረሰም? እንግዲያው ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው፣ 18 ዓመት የሞላው፣ ኑሮውም አሜሪካ የሆነ ሌላ ሰው ይፈለጋል። ሕጉ ዘመድ ይሁን አይልም። እኛ ጋ ግን ሁልጊዜ ዘመድ ነው። ጆይንት ስፖንሰር የሚባለው ይኸው ሰው ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ጆይንት ስፖንሰር የአመልካቹን ጎዶሎ የሚሞላ አይደለም። ባልየው 20 ሺህ ዶላር ቢኖረውና 6 ሺህ ቢጎድለው፣ ዘመዱ 6 ሺዋን ብቻ አይሸከምም። የራሱን ቤተሰብና የምትመጣዋን ሴት አንድ ላይ ቆጥሮ ሙሉውን መስፈርት በራሱ ገቢ ማሟላት አለበት፤ ኃላፊነቱም እንደዚያው ሙሉ ነው። «ትንሽ ስለጎደለኝ ነው» ብሎ በር የሚያንኳኳ ዘመድ ይህን ያውቃል? ካወቀ ለምን አይናገርም? ካላወቀስ፣ እሱ ያላነበበውን ውል ሌላው እንዲፈርም በምን ልቡ ይጠይቃል?

ስሙም ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። ስፖንሰር የሚለውን ቃል በአማርኛ ከየት ነው የምናውቀው? ሬዲዮ ላይ «ይህን ዝግጅት ስፖንሰር ያደረገው» ሲባል፣ የቡድን ማሊያ ላይ የቢራ ስም ሲታተም። ስፖንሰር ለጆሯችን ገንዘብ የተረፈው፣ ስሙ በመልካም የሚነሳ ደግ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ለሰፈረው ነገር ግን እኛ የራሳችን የከበደ ቃል አለን፦ ዋስ።

አገር ቤት ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል የሚቀጠር ልጅ ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ የሚሆነው አጎት ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ከማጻፉ በፊት ልጁን አስቀምጦ ይጠይቀዋል። ስንት ብር ነው የሚያስይዘኝ? እስከ መቼ? ጎደለ ቢባል ቀድሞ የሚጠየቀው ማነው? ይህን መጠየቅ ነውር አልነበረም፤ ልጁም አይከፋውም ነበር። ሕጉም ከጠያቂው ጎን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ ልክ የማይገልጽ የዋስትና ውል ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። አይ-864 እንዲህ ያለ ልክ የለበትም። የማለቂያ ቀንም የለበትም። ታዲያ አገር ቤት ቢሆን ሕግ የሚጥለውን ዋስትና፣ እዚህ ስሙ ስፖንሰር ስለተባለ ሳናነብ የምንፈርመው ለምንድነው?

አባባሉ ከየት እንደመጣ ሳስብ ዲቪ ትዝ ይለኛል። ብዙዎቻችን የመጣነው በዲቪ ነው፤ ያኔ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሚፈርምልን አይ-134 ነበር። እሱ ሌላ ወረቀት ነው፤ እንደ 864 ፍርድ ቤት አቅርቦ የሚያስከፍል ውል አይደለም። «ፊርማ ብቻ ናት» ያኔ ለእውነት የቀረበች ሳትሆን አትቀርም። ወረቀቱ ተለውጦ አባባሉ ሳይለወጥ ስንት ዓመት ቆየ?

የማለቂያ ቀን የለውም ብያለሁ፤ የሚያልቅባቸው ምክንያቶች ግን ተጽፈዋል። የመጣችው ሴት ዜግነት ስትይዝ። 40 ሩብ ዓመት የሥራ ዘመን ሲቆጠርላት፣ ማለትም አሥር ዓመት ያህል ስትሠራ። የመኖሪያ ፈቃዷን ትታ ጨርሳ ከአገር ስትወጣ። ወይም ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ፍቺ ከመካከላቸው የለም።

ደግሜ ልጻፈው፤ ፍቺ ከመካከላቸው የለም። ባልና ሚስት ፍርድ ቤት ቆመው ቢለያዩ፣ ያላቸውን ቢካፈሉ፣ እሱ ሌላ አግብቶ ልጅ ቢወልድ፣ የዘመድየው ፊርማ ከቆመበት አይነቃነቅም። ትዳሩ ሁለት ዓመት ኖሮ ዋስትናው አሥር ዓመት ሊኖር ይችላል። በሽምግልና ያስታረቁን፣ ሳይሆን ሲቀርም ያፋቱን ሽማግሌዎች ንብረቱን ሲያካፍሉ ስለ ዋሱ አንስተው ያውቃሉ?

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በ2012 የ7ኛው ሰርኪት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ሪቻርድ ፖስነር በጻፉት ውሳኔ፣ ከባሏ የተለያየች ስደተኛ ሴት ድጋፉን ለማግኘት ሥራ የመፈለግ ግዴታ እንደሌለባት ፈረደ። በ2016 ደግሞ የ9ኛው ሰርኪት ፍርድ ቤት፣ ከጋብቻ በፊት የተፈረመ ውልም ሆነ የፍቺ ፍርድ ይህን ግዴታ እንደማያስቀረው ወሰነ። በሁለቱም የተከሰሱት ባሎች ናቸው። ነገር ግን ሕጉ ጆይንት ስፖንሰሩን ከባልየው ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ ያደርገዋል፤ ባልየው ሥራ ቢፈታ ወይም አድራሻው ቢጠፋ፣ ሙሉውን ከዘመድየው መጠየቅ ይቻላል ማለት ነው። ሴትየዋ ብቻዋን ብትኖርና ገቢዋ በ2025 ስሌት ከ19,562 ዶላር ቢያንስ፣ የጎደለውን የመጠየቅ መብት አላት። መንግሥትም ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ ሰጥቷት ከሆነ፣ ያወጣውን ከፈራሚው ሊጠይቅ ይችላል።

በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ክስ ብዙ አይሰማም። አብዛኛው ፈራሚ አንድም ቀን ሳይጠየቅ ጊዜው ያልፍለታል። ግን ሁለት ልጅ ለሚያሳድግ ሰው «እስካሁን ማንም አልተጠየቀም» በቂ መልስ ነው?

ማንም ሳይከስም የሚከፈል ዋጋ አለ። እሱን እኔ ያወቅሁት በ2022 እናቴን ላመጣ ስነሳ ነው። ቅጹ ላይ ቤተሰብህን ቁጠር የሚል ቦታ አለ። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ፣ እናቴ፤ አምስት ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን ያየልኝ ሰው ቀና ብሎ «ከዚህ በፊት የፈረምክለት ሰው አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። «ዜጋ ሆናለች?» አልሆነችም። አምስቱን ሰርዞ ስድስት አደረገው። በ2025 ስሌት ብናየው፣ ያ አንድ ሰው መስፈርቱን ከ47,062 ወደ 53,937 ዶላር ይወስደዋል። የሌሊት ፈረቃ ጨምሬ ሰባት ወር ሠራሁና ሞላሁት። እናቴ ሰባቱን ወር ደሴ ሆና ጠበቀች፤ ለምን እንደዘገየ አልነገርኳትም።

አክስቴ ከአዲስ አበባ «ፊርማ ብቻ ናት» ስትለኝ የገዛ እህቷን መምጫ እያዘገየች እንደሆነ ብታውቅ ያን ቃል ትለው ነበር? አትለውም። እናቴንና አክስቴን አውቃቸዋለሁ፤ አንዷ ሳትበላ ሌላዋ አትጎርስም። በደል የሠራነው ክፉ ስለሆንን አይደለም፤ ሳናነብ ደግ ስለሆንን ነው። ግን ወረቀቱን አማርኛ አድርጎ ለአክስቴ ሊነግራት የሚገባው ማን ነበር?

አሁን ወደ ጠያቂው ልዙር። የአክስቴ ልጅ ሾፌር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ከንጋት ጀምሮ በኤርፖርትና በከተማው መሃል ሲመላለስ ይውላል፤ ሰነፍ የሚለው ሰው የለም። ታክስ ሲያሠራ ግን ነዳጁ፣ ማይሉ፣ ኢንሹራንሱ፣ ስልኩ ተቀናንሶ ወረቀቱ ላይ የቀረው ገቢ ከመስፈርቱ በታች ሆነ። እውነተኛ ወጪን መቀነስ ሕጋዊ መብቱ ነው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ግን የሚያየው የድካሙን ልክ ሳይሆን የታክስ ወረቀቱን ነው። ለሠርጉ አዳራሽ ከአንድ ዓመት በፊት ቀብድ የከፈለ ሰው፣ ለሙሽራዋ መምጫ የሚጠየቀውን ገቢ ለማወቅ ለምን ከሠርጉ በኋላ ድረስ ጠበቀ?

ሌላ መንገድስ አልነበረም? ነበረ። ሚስቱን የሚያመጣ የአሜሪካ ዜጋ የጎደለውን ገቢ ሦስት እጥፍ በቁጠባ ወይም በንብረት ማሳየት ይችላል፤ 5 ሺህ ለጎደለው 15 ሺህ ማለት ነው። አንድ ቤት አብሮት የሚኖር ወንድም ነበረው፤ በሌላ ቅጽ፣ በአይ-864ኤ፣ የሁለቱን ገቢ ማዳመር ይቻል ነበር። እሱም ራሱን የቻለ ውል ነው፤ ግን ቢያንስ የሚያስተሳስረው አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ነው። ደብሊው ቱ፣ ማለትም የዓመት ደመወዝ ማስረጃ፣ የሚሰጥ ተጨማሪ ሥራ ለጥቂት ወራት መያዝም ይቻል ነበር። ከነዚህ ሁሉ በፊት ወደ እኔ የመጣው ለምንድነው? የሠርጉ ድግስ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ይመሰክራል፤ 15 ሺህ ዶላር ከዚያ ቤት ሳይወጣ አልቀረም። የዘመድ ፊርማ ከቁጠባ የቀለለ መስሎ ታይቶት ከሆነ፣ ያቀለልነው እኛው ነን።

እምቢ ያለውን ሰው ምን እንደምናደርገው ደግሞ እናውቃለን። አንድ የማውቀው ሰው፣ የሚስቱ ወንድም እንዲፈርምለት ሲጠይቀው፣ «ስጠኝና ሳምንት ላንብበው» አለ። እምቢ አላለም። ሳምንቱ ሳያልቅ ወሬው ቤተሰቡን ሁሉ አዳረሰው። ተለወጠ ተባለ፤ ፈረንጅ ሆነ ተባለ፤ ገንዘብ አሳወረው ተባለ። በሚቀጥለው ክርስትና ላይ ማንም ና ያለው የለም። ሰውየው ለአሥር ዓመት የሚያስረውን ውል ለሰባት ቀን ማንበብ ፈልጎ ነው። እንዲህ ካደረግነው በኋላ የሚፈርሙት ሰዎች በፈቃዳቸው ነው የፈረሙት ልንል እንችላለን? ይሉኝታ ያስፈረመው እጅ የማን እጅ ነው?

ወረቀቱ ራሱ ለዚህ ሰው የተወለት በር አለ። ቪዛው ከመሰጠቱ በፊት ፈራሚው ሐሳቡን ቀይሮ በጽሑፍ ሊያነሳው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን አይችልም። ለኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ነግረውኝ ነበር የሚለኝ ሰውም እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ሰው ረስተናል። የምትመጣዋን።

ያን እሑድ ጠረጴዛው ላይ ስሟ በየገጹ ተጽፏል፤ ስለሷ የሚናገር ግን አልነበረም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲው መስኮት ላይ ስትቀርብ «ይህ የፈረመልሽ ሰው ምንሽ ነው? ምን ይሠራል?» ተብላ ተጠይቃለች። የባሌ ዘመድ ነው ከማለት በቀር የምትመልሰው አልነበራትም። ኮቪድ መጥቶ በመጋቢት 2020 የቪዛ ሥራው ሲቆም ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀች፤ በ2021 ክረምት ገባች። በጣም ጨዋ፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ከመጣች በኋላ የሰማችው ቃል ግን ስፖንሰር የሚለው ነው። ትዳሩ መሻከር ሲጀምር «ያመጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ስፖንሰርሽ እኔ ነኝ፤ ከዚህ ቤት ከወጣሽ የሚቆምልሽ የለም» ይላት ነበር። አመነችው። ለምን አታምነው? ወረቀቱን ያሳያት ማነው?

እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። ያ ውል የተጻፈው ለሷ ነው። ከቤቱ ብትወጣም፣ ብትፋታም አይሻርም፤ ለማስፈጸም ፍርድ ቤት መቆምም ትችላለች። ባልየው ማስፈራሪያ ያደረገው ወረቀት የሷ መብት የተጻፈበት ነው። እኔ ደግሞ ሁለተኛው ፈራሚ ነኝ። ሦስት ሰዎች ነን፤ አንዱ ለማስፈራራት ተጠቀመበት፣ አንዱ ሳያነብ ፈረመበት፣ ዋናዋ ባለመብት ግን አላየችውም። እኛ ያልነገርናት ሴት በስንት ቤት እንዲሁ ተሸማቃ ተቀምጣ ይሆን?

መንግሥቱንም ሳልጠይቅ አላልፍም። ይህ ወረቀት አስገዳጅ ውል የሆነው በ1996፣ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን በፈረሟቸው የድጎማና የኢሚግሬሽን ሕጎች ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የድጋፍ ቃል ፍርድ ቤቶች እንደ ሞራል ግዴታ ነበር የሚያዩት። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ አብዛኛውን አዲስ ግሪን ካርድ ያዥ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከዋና ዋናዎቹ የፌዴራል ድጎማዎች ያገለለ ነው። ከድጎማው ካስወጣህ በኋላ፣ ለዚያው ድጎማ ዘመዱን ዋስ የምታስጠራው ምን ፈርተህ ነው? ካናዳ ለትዳር ጓደኛ የሚያስገባው ግዴታ ሦስት ዓመት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የገቢ ወለልም አይጠይቅም። የእንግሊዝ ሕግ በበኩሉ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 29 ሺህ ፓውንድ ይጠይቃል፤ የዘመድ ዋስትናንም በመርህ ደረጃ አይቀበልም፤ ይህም የባሰ ጭካኔ ነው። የአሜሪካው ግን ከሁለቱ የተለየ ብልሃት አለው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሙሉ ሰዓት የሠራ ሰው 15 ሺህ ዶላር ገደማ ያገኛል፤ ለሁለት ሰው ከሚጠየቀው ግማሹን ትንሽ አለፍ የሚል ነው። በሕግ የተፈቀደ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ሚስቱን ለማምጣት በሕግ የተጠየቀውን ገቢ ማግኘት ካልቻለ፣ ጎዶሎው የማን ነው? የአክስቱ ልጅ ነው?

ግን ሕጉ እስኪለወጥ እኛ እንፈርማለን። እኔም ለሌላ ሰው እፈርም ይሆናል፤ ሚስትና ባልን ለያይቶ የሚያኖር ወረቀት ፊቴ ቀርቦ እጄን ማጠፍ አልችልበትም። የምጠይቀው ያ ጠረጴዛ ላይ ያልተጠየቀውን ነው። ወረቀቱ ከመጀመሪያው ገጽ ይዘርጋ። ጠያቂው ገቢው ስንት እንደሆነና ምን ያህል እንደጎደለ አፍ አውጥቶ ይናገር። የምትመጣዋ ሥራ ብታጣ፣ ብትታመም፣ ቢለያዩ መጀመሪያ የሚያዋጣው ማነው ተብሎ ይነገር፤ ቢቻል በቤተሰብ መካከል ይጻፍ። ፈራሚው ሊያመጣው የሚያስበው የራሱ ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ሙሽራዋ ስልክ ላይ ትግባ፤ አማቷ ብቻ አይደለችም መስማት ያለባት። ይህ ሁሉ ከአንድ ቡና በላይ አይፈጅም። ለዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የምንሾም ሰዎች ለዚህ ጊዜ እንዴት አጣን?

መለያየታቸውን የሰማሁት በ2023 ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሻይ እያቀበለኝ በጎን ጣል አደረገው፤ ከተፋቱ ወራት አልፏል። ማንም ሊነግረኝ አላሰበም፤ ማንም እኔን የሚመለከት ነገር ነው ብሎ አላሰበም። ቤቴ ገብቼ ከመሳቢያ የፊርማዬን ኮፒ አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ውል የሚል ርእስ ያለበት ክፍል ላይ ስደርስ አንድ ሌላ ነገር አገኘሁ። ስፖንሰር ቤት ከቀየረ በ30 ቀን ውስጥ በአይ-865 ማሳወቅ አለበት፤ ካላሳወቀ ከ250 እስከ 2 ሺህ ዶላር ሊቀጣ ይችላል። እኔ ቤት ቀይሬ ፍሬደሪክ ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። በማግሥቱ ሞልቼ ላክሁ።

ከዚያ ኮፒውን ይዤ እሷ ዘንድ ሄድኩ። አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነው የምትሠራው። ገና ከሥራ መመለሷ ነበር፤ ዩኒፎርሟን አልቀየረችም። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር አካሄዴ፤ ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ወረቀቱን ሰጠኋት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ገጽ ገለጠች። ተመልሳ አንዱን መስመር ደገመችው። እኔ መስኮቱን አያለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ፈርመውልኝ ነበር?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

ዝም ብላ ቆየች። ቀጥላ፣ ባለፈው ክረምት ወገቧን ታማ አራት ወር ከሥራ መቅረቷን፣ የቤት ኪራይዋን ከማታውቃት ሴት ተበድራ መክፈሏን፣ ብድሩን እስከ ዛሬ እየከፈለች መሆኗን ነገረችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ቀና አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»